ቦጊን ላገባው ሙሽራ

«ቂሳርያ ሄጄ አምስት ቦጊ አገባሁ!» አልክ አሉ። እዚሁ አሽቀሎን፣ ሺምሾን ሰፈራችን፣ ከሕንፃው ሥር፣ ሽማግሌ በተቀመጠበት፣ እናቶች ቡና በሚያፈሉበት። አምስት? እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለህ! ሰው አንዷን ለማግባት የአዳራሹ ኪራይ ያስለቅሰዋል፣ አንተ አምስቱን በአንድ ቀን! ሽማግሌ ሳትልክ፣ ሰባት ቤት ሳትቆጥር! ዘመድ ብትሆንስ?

ዘመድስ አይደለችም። ማን እንደሆነች ብትጠይቅ ግን ከሠርጉ በፊት ትሸሽ ነበር። ስማኝማ። በጎልፍ እያንዳንዱ ጉድጓድ የተመደበለት የምት ቁጥር አለው፤ ፓር ይባላል። ፓር 4 ከሆነ በአራት ምት አስገባ ነው። በአምስት ካስገባህ ቦጊ። በስድስት ደብል ቦጊ። በሰባት ትሪፕል ቦጊ። ከዚያ በላይ ሲሆን አብረውህ የሚጫወቱት ስም መጥራቱን ይተዉና ሰማይ ሰማይ ያያሉ። እና «አምስት ቦጊ አገባሁ» ማለት «አምስት ጊዜ ሳትኩ፣ እልል በሉልኝ» ማለት ነው። እሺ፣ እልልልል!

ጉዱ ገና ነው። ሙሉው ጨዋታ 18 ጉድጓድ ነው። አምስቱን ነገርከን። አሥራ ሦስቱስ የት ገቡ? «ጓደኛዬ 72 አመጣ፣ እኔ 118 አመጣሁ፣ በ46 በለጥኩት» ስትል ነገሩ ተገለጠልን። ወንድሜ፣ ይሄ ቅርጫት ኳስ አይደለም። ጎልፍ ትንሽ የመታ የሚያሸንፍበት ጨዋታ ነው። 72 የአብዛኛው ሙሉ ሜዳ ፓር ነው። ጓደኛህ ኳሱን መታ፤ አንተ መሬቱን ስትደበድብ ዋልክ። ሒሳቡን እኛ እንሥራልህ። አምስቱ ቦጊ አምስት ትርፍ ምት ናቸው። የቀረው 41 ትርፍ ምት ለአሥራ ሦስቱ ጉድጓድ ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ ከሦስት በላይ ይደርሰዋል። በዚያ ቀን ከሠራኸው ሁሉ የተሻለው ቦጊው ሳይሆን አይቀርም! አሁን ገባን ለምን እንደፎከርክበት። ደግ አደረግክ፣ ሰው ያለውን ነው የሚያሳየው።

«ቢሆንም ስሙ ደስ ይላል» ትላለህ። ስሙማ ይገርማል። እንግሊዞች ልጅ የሚያስፈራሩበት «ቦጊ ማን» የሚባል ጭራቅ አላቸው። የእኛ አያ ጅቦ በለው። በ1890ዎቹ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ የእንግሊዝ ጎልፈኞች ለየጉድጓዱ ቁጥር መደቡ፤ ያንን ቁጥር እንደማይታይ ተጋጣሚ ቆጠሩትና በጭራቁ ስም ጠሩት። ሰውየው አይታይም፣ አይሳሳትም፣ አይደክምም። ቆይተው ማዕረግ ሰጡት፤ ኮሎኔል ቦጊ። ያኔ ቦጊ የደህና ተጫዋች ውጤት ነበር። ኋላ አሜሪካኖች ፓርን የጎበዝ ልክ አድርገው ሲያነግሡት፣ ኮሎኔሉ አንድ ደረጃ ወርዶ የስህተት ስም ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ጎበዝ፣ ልጃችን ያገባው ማዕረጉን የተገፈፈ ኮሎኔል ነው። ያውም አያ ጅቦን። ያውም አምስት ጊዜ። እናቱ እንዳይሰሙ ብላችሁ አትጨነቁ፣ ሰምተው ተኝተዋል።

«ታዲያ ጥሩው ምንድን ነው?» ጥሩ ጥያቄ! ከአንተ መምጣቱ ነው የገረመኝ። ከፓር በአንድ ያነሰ በርዲ ይባላል። በረደኝ ማለት አይደለም፣ ጃኬቱን መልስ። ወፍ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አሜሪካ ውስጥ አንድ ነገር ሲያምርባቸው «ወፍ ነው» ይሉ ነበር፤ ኒው ጀርሲ፣ አትላንቲክ ሲቲ ሜዳ ላይ አንድ ሰው ያማረ ምት መታና ወፍ ተባለለት፤ ስሙ በዚያው በረረ። በሁለት ያነሰ ኢግል ነው፤ ንስር። አንተ «እገሌ» ነው የሰማኸው። «እገሌ አገባ፣ እገሌ አገባ» እያልክ ሰፈሩን ስታዞር እናቶች «የትኛው እገሌ? የማን ልጅ?» ብለው ስጦታ ሊያዋጡ ነበር።

በሦስት ያነሰ አልባትሮስ ነው፤ ውቅያኖስ ላይ ውሎ ውቅያኖስ ላይ የሚያድር ግዙፍ ወፍ። ጂን ሳራዘን በ1935 በማስተርስ ውድድር 15ኛው ጉድጓድ ላይ፣ ፓር 5 የሆነውን በሁለተኛ ምቱ አስገባው። በዚያች ምት ከመሪው ጋር እኩል ወጣ፤ በመለያውም አሸነፈ። ለአንተ ከአልባትሮስ የደረሰህ «አልባ» የሚለው ብቻ ነው። ፓር አልባ፣ በርዲ አልባ፣ ይሉኝታ አልባ።

ደግሞ አስተውላችሁ እንደሆነ፣ ፈረንጆቹ ወፉን ሁሉ ለጎበዙ ሰጡት። ለሰነፉ የተረፈ ወፍ የለም። አድልዎ ነው! እኔ ከኪሴ ላዋጣ። ትሪፕል ቦጊ ከዛሬ ጀምሮ ዶሮ ይባል፤ ክንፍ አለው፣ አይበርም፣ ጫጫታው ግን ሰፈር ይቀሰቅሳል። ከዚያ በላይ ያለው ሰጎን ይባል፤ ትልቅ ነው፣ አሸዋ ይወዳል። በዚህ አቆጣጠር አንተ ባለ ብዙ ዶሮ ባለጸጋ ነህ። እንቁላል እንኳ አላዋጣህልንም።

«ጓንቴን አላያችሁም?» አየን። አንድ ጓንት ብቻ ማድረግህ ልክ ነው፤ በቀኝ የሚመታ ጎልፈኛ የግራ እጁን ብቻ ያለብሳል። ልክ የሆንክበት ነገር ስላገኘን ደስ ብሎን ልናጨበጭብ ነበር። ከዚያ ስናየው ጓንቱ ቀኝ እጅህ ላይ ነው።

ከረጢትህንም አየን። ሕጉ ከ14 ዱላ በላይ አትያዝ ይላል፤ አንተ 14 ሞልተሃል። አንዱ ድራይቨር ይባላል፤ ሩቅ የሚመታበት። ሾፌር የቀጠርክ መስሎህ መኪናውን አስነሳ እንዳትለው። አይረን የሚባሉት ብረቶች አሉ፤ ቁጥራቸው በጨመረ ቁጥር ኳሱ ከፍ ብሎ ቅርብ ይወድቃል። ፑተር ግሪኑ ላይ፣ ጉድጓዱ ያለበት የተላጨ ሣር ላይ፣ ኳሱን እያንከባለሉ የሚያስገቡበት ነው። ዉድ የሚባሉም አሉ። እንጨት ማለት ነው ይሉሃል፣ ግን ዛሬ እንጨት የለበትም፤ ብረት ነው፣ ቲታኒየም ነው። በአማርኛ ግን ትርጉሙ ዛሬም ልክ ነው፤ ውድ ነው! ዋጋውን ጠይቅና ማኮሌት ቤት የተመዘገበብህን ዱቤ አስብ።

እንግዲህ በሰፈራችን ስም ልጠይቅህ። ሺምሾን ማን ነው? መጽሐፉ ሶምሶን የሚለው ነው። በአንድ የአህያ መንጋጋ 1,000 ሰው ጣለ። አንድ ዱላ! ከረጢት የለ፣ ጓንት የለ። አንተ በ14 ዱላ 46 ግራም የማትሞላ አንዲት ኳስ አቃተችህ። ሶምሶን ሲጨርስ መንጋጋውን ወረወረው ይላል። ከእሱ የወረስከው ይሄንን ብቻ ነው፤ ዱላ መወርወር። እሱ ግን የወረወረው ካሸነፈ በኋላ ነበር።

እዚሁ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጎልፈኞች ናሳው የሚሉት ውርርድ አላቸው። በአንድ ጨዋታ ሦስት ውርርድ ነው፤ አንዱ በመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ጉድጓዶች፣ አንዱ በኋለኞቹ ዘጠኝ፣ አንዱ በጠቅላላው። ሦስቱንም መሸነፍ ይቻላል፣ ለአንተማ ግዴታ ነው። አሁን መሳፍንት ምዕራፍ 14ን አስታውሱ። ሶምሶን በሠርጉ ላይ በእንቆቅልሽ 30 የበፍታ ቀሚስና 30 ልዋጭ ልብስ ተወራርዶ ተበላ። ዕዳውን በምን ከፈለ? አስቀሎና ወረደ፤ ይቺው አሽቀሎናችን ናት፤ ሠላሳ ሰው ገደለና ልብሳቸውን ገፎ ከፈለ። ስለዚህ ጎረቤቶቼ፣ ይሄ ልጅ ናሳው ገባ ሲባል ከሰማችሁ ያሰጣችሁትን ልብስ ከገመዱ አውርዱ።

ወደ ሜዳው እንግባ። «ቲ ላይ ቁም» ሲሉህ «ሻዩ የታለ?» አልክ። ቲ የመነሻው ቦታ ነው፤ ኳሱን ከመሬት ከፍ አድርጎ የሚይዘው እንጨትም ስሙ ቲ ነው። ስኳር አይገባበትም። ከቲ ወደ ግሪኑ በሚወስደው መንገድ ላይ አጠር ተደርጎ የታጨደው ሣር ፌርዌይ ነው፤ አንተ ስሙን እንጂ መልኩን አታውቀውም። ከዳር ያለው ረጅም ሣር ራፍ ይባላል። «ራፍ ውስጥ ገባህ» ሲሉህ ራቭ ሰምተህ፣ ረቢው የመጡ መስሎህ፣ ኪፓህን አስተካከልክ። ግድ የለም፣ ጸሎቱ ያስፈልግሃል። «ላይህ መጥፎ ነው» ሲሉህ ቀና ብለህ ደመና ፈለግክ። ላይ ማለት ኳሱ ያረፈበት አኳኋን ነው። መጥፎው ላይ ያለው ታች ነው፣ እግርህ ሥር። «ቺፕ አድርግ» ሲሉህ ደግሞ ከፈላፈሉ ጋር የሚመጣውን ጥብስ ድንች አዘዝክ። ቺፕ ከግሪኑ አጠገብ ሆነህ በአጭሩ ብድግ አድርገህ የምትጥልባት ምት ናት። በፒታ አትቀርብም።

አመታትህስ! በቀኝ የሚመታ ሰው ኳሱ ሄዶ ሄዶ ወደ ቀኝ ሲያጎነብስበት ስላይስ ይባላል፤ ወደ ግራ ሲሆንበት ሁክ። ያንተ ኳስ ሁለቱንም ትሞክራለች። አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ፤ ልክ ይህች አገር ከ2019 እስከ 2022 አምስት ጊዜ ምርጫ ስትመርጥ እንደነበረችው፣ መሀሉ ላይ የሚቆም ጠፋ። ኳሱ ከዱላው አንገት ተፈናጥሮ ወደማይታሰብበት ሲሄድ ሻንክ ይባላል፤ ጎልፈኞች ይህን ቃል ሜዳ ላይ መጥራት አይወዱም፣ ይጋባል ይላሉ። አንተን ግን እንዳይጋባብህ አያስፈራህም፤ ምንጩ አንተ ነህና።

አሁን ባንከር ላይ ደረስን። ባንከር በአሸዋ የተሞላ ጉድጓድ ነው። «ባንከር ገባሁ» ሲል አንዱ ሚክላት፣ የሮኬት መጠለያ፣ መሰለውና ሊከተለው ሮጠ፤ ሌላው ባንክ መሰለውና አዘነለት። ሁለተኛው ይሻላል! ማሽካንታ፣ የቤት ብድር፣ ማለት ይሄው ነው፤ መግባቱ አንድ ፊርማ፣ መውጣቱ 30 ዓመት። ያውም በማሽካንታ ጊዜ አሸዋውን መንካት አይከለክሉህም። እዚህ ግን ኳሱን ከመምታትህ በፊት ዱላህን ከኳሱ ፊትና ኋላ ባለው አሸዋ ላይ ብታሳርፍ ሁለት ምት ቅጣት ነው። ለአሸዋው የተሠራ ሳንድ ዌጅ የሚባል ዱላ አለ፤ ያ የአልባትሮሱ ሳራዘን በ1930ዎቹ መጀመሪያ ያሻሻለው ነው። ለማንኛውም የማይገባኝ ይሄ ነው፤ አሽቀሎን ተወልዶ፣ አሸዋ ላይ ዳዴ ብሎ፣ አሸዋ በልቶ ያደገ ልጅ፣ ባንከር ሲያይ እግሩ የሚብረከረከው ለምንድን ነው?

ከባንከሩ ወጣህ እንበል። በተረት ይወጣል። ግሪን ላይ ደረስክ፤ ሣሩ እንደ ምንጣፍ የተላጨበት ቦታ። የጉድጓዱ አፍ 108 ሚሊ ሜትር ነው። ኳስህ አምስት ሜትር ርቃ ቆማ «ጊሚ ስጡኝ» አልክ። ጊሚ ማለት ኳሱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲደርስ ተጋጣሚህ «ገብቷል በለው፣ አትልፋ» የሚልህ ነው። ሰው ሲሰጥህ ነው እንጂ እጅ ዘርግተህ የምትለምነው አይደለም። በአምስት ሜትር ጊሚ ከተሰጠማ እኔ ከሺምሾን ሆኜ ቂሳርያ ያለውን ላስገባ።

ሙሊጋንም አለ። ሙሊጋን የሳትካትን ምት እንዳልመታሃት ቆጥረህ ደግመህ የምትመታው ነው። በሕጉ መጽሐፍ ውስጥ የለም፤ የወዳጆች ስምምነት ነው። አንተ «ሙሊጋን ይፈልጋሉ?» ሲሉህ «ሙሉ ጋን» ሰማህና «ጠላ ከሆነ ሁለት» አልክ። እነሱም ሁለት ሰጡህ። ሁለቱንም ራፍ ውስጥ ከተትካቸው። ኳስ ሲጠፋ መፈለጊያው ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከ2019 በፊት አምስት ነበር። አንተን አይተው ያሳጠሩት ይመስለኛል፣ ጨዋታው እንዲያልቅ።

ካዲ ሲባልስ? ከሀዲ አይደለም። ከረጢትህን የሚሸከም፣ ርቀቱን የሚነግርህ፣ የትኛውን ዱላ እንደምታነሳ የሚመክርህ ሰው ነው። ከሀዲዋ ኳስህ ናት።

አሁን ግን ዝም በሉ ጎበዝ፣ ቁም ነገሩ መጣ። «ሃንዲካፕህ 54 ይሆናል» ሲሉህ የሕክምና ወረቀት ይዘህ ቢቱዋህ ለኡሚ ልትሄድ ነበር። ተመለስ፣ አበል የለውም። ሃንዲካፕ ደካማውና ጎበዙ አብረው እንዲጫወቱ ለደካማው የሚሰጥ የምት ቅናሽ ነው። ከ2020 ጀምሮ በዓለም አቀፉ ሥርዓት ትልቁ 54 ነው፤ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ሦስት ሦስት ምት ይቅርታ ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ደግ ሕግ በየትኛው ጨዋታ አለ? በእግር ኳስ ደካማ ነህ ተብሎ ሁለት ጎል በቅድሚያ የሚሰጠው ቡድን አይታችኋል? እኔ ጎልፍን የምወድለት ነገር ቢኖር ይሄ ነው፤ አንተ ባትኖርበት የበለጠ እወደዋለሁ።

ቁጭ በል፣ ልንገርህ። 118 መታህ። 54 ሲቀነስ 64። ጓደኛህ 72 መታ። ጎበዝ ስለሆነ ሃንዲካፑ ዜሮ ነው እንበል፤ 72ቱ 72 ሆኖ ይቀራል። የሜዳው ክብደት የሚያመጣውን ማስተካከያ ትተን በደፈናው፣ በስምንት ምት አሸንፈኸዋል! አሸንፈህ ነበር እኮ! ሰው በተሸነፈበት ሲፎክር አይተናል፤ ያሸነፈበትን ሳያውቅ በተሸነፈበት የፎከረ ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ።

ቆይ፣ እልልታውን አቁሙ። ሃንዲካፕ እንዲጻፍልህ መጀመሪያ የ54 ጉድጓድ፣ የሦስት ሙሉ ጨዋታ ማለት ነው፣ የተፈረመ ካርድ ታስገባለህ። አንተ ስንት አስገብተህ ታውቃለህ? ዜሮ። እንግዲያው ሃንዲካፕ የለህም፤ ድሉም የለህም። ለደቂቃ ሰጥቼህ ነበር፣ መልሼ ወሰድኩት። ካርድ ስትፈርምም ተጠንቀቅ። አርጀንቲናዊው ሮቤርቶ ዴ ቪቼንሶ በ1968 ማስተርስ 17ኛውን ጉድጓድ በ3 ገባ፤ አብሮት የሚጫወተው 4 ብሎ ጻፈበት፤ እሱ ሳያነብ ፈረመ። የፈረምከው ይጸናል ተባለ። መለያ ጨዋታ ይገባው የነበረ ሰው በአንዲት ቁጥር ሁለተኛ ሆኖ ቀረ፤ ያውም በልደቱ ቀን። ምን እየተጻፈ እንደሆነ ሳያነቡ የሚስራዱን ቅጽ ሁሉ ስትፈርሙ የኖራችሁ ያገሬ ልጆች ይሄን ታሪክ ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ።

«እሺ ይሁን፣ ጎልፍ የፈረንጅ ነው፣ ለእኛ ዘር አይሆንም» አልክ። አሃ! ሲጨንቅህ ዘር ቆጠርክ። በጎንደር ገጠር የጎረቤት ክርስቲያን ልጆች ለገና፣ ታኅሣሥ ሲያልቅ፣ ጫፉ የቆለመመ ዱላቸውን ይዘው ሩር ሲያሯሩጡ ያላየ አባት አለ? ከአጥር ሥር ቆሞ ያየ አለ፤ ዘልሎ ገብቶ የተጫወተም አለ፤ የእኛ ቄሶች እንዳይሰሙ። የቆለመመ ዱላ፣ ትንሽ ኳስ፣ ሰፊ መስክ። ልዩነቱ ምንድን ነው? ልዩነቱ ይሄ ነው፤ በ1457 የስኮትላንድ ፓርላማ ጎልፍን ከለከለ፤ ሕዝቡ ቀስት መለማመዱን ትቶ ኳስ ሲያባርር ንጉሡ ተቆጣ። በእኛ አገር ደግሞ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል። እነሱ ጌታው በሕግ የተቆጣበት፣ እኛ ጌታው እንዳይቆጣ የተከለከለበት! የትኛው ነው ጨዋታውን ያወቀበት?

ቂሳርያ ድረስ ሄደህስ ምን አየህ? እዚያ ያለው ሜዳ በሮትሽልድ ቤተሰብ ገንዘብ ተሠርቶ በ1961 የተከፈተ ነው፤ አሜሪካዊው ፔት ዳይ እንደገና ነድፎት በ2009 ተከፈተ። እዚያው ቂሳርያ ያደገች ሌቲሲያ ቤክ የምትባል ልጅ በዓለም ትልቁ የሴቶች ጎልፍ ማኅበር፣ ኤልፒጂኤ፣ ውስጥ የተጫወተች የመጀመሪያዋ እስራኤላዊት ናት፤ በ2016 ሪዮ ኦሎምፒክም ላይ ወጥታለች። የተወለደችው ቤልጅየም ነው፣ ኦላ ናት፣ እንደኛው። አንተ ግን «ሴት ልጅ በጎልፍ» ብለህ ሳቅክ አሉ። ሳቅ፣ ሳቅ። እሷ ጓንቷን በትክክለኛው እጅ ታደርጋለች።

«ሺምሾን ውስጥ ሣር የት አለና ልለማመድ?» ይሄኛው ሰበብህ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። አላን ሼፐርድ በፌብሩዋሪ 1971 በአፖሎ 14 ጨረቃ ላይ ወርዶ ጎልፍ መታ። ሣር የለ፣ ውሃ የለ፣ አየር የለ፤ ጨረቃ ዳር እስከ ዳር ባንከር ናት! ቁጥር 6 አይረን ጫፉን ብቻ ደብቆ ወሰደና ናሙና በሚሰበስብበት መሣሪያ ላይ ሰካው። ልብሱ ስለወፈረ በአንድ እጁ ነው የመታው። እሱም እንደ አንተ ኳሷ ብዙ ማይል ሄደች ብሎ ፎከረ፤ ከ50 ዓመት በኋላ ፎቶዎቹ ሲመረመሩ ረጅሟ ምት 37 ሜትር ገደማ ሆና ተገኘች። ፉከራ ጨረቃ ላይም ቢሆን ተለክቶ ይመጣል። አንተ ልትዋሽ ያሰብከው እዚሁ ሕንፃ ሥር ነው፣ ሁሉም ጎረቤት በረንዳው ላይ ወጥቶ እያየ!

«አንድ ቀን ሆል ኢን ዋን አገባለሁ፣ ያኔ ታያላችሁ» አልክ። እሱን እንኳ አገባለሁ ብትል ያምርብሃል። ሆል ኢን ዋን ከቲው ተነሥቶ በአንድ ምት ጉድጓድ መግባት ነው። ልማዱን ግን ነግረውሃል? ያገባው ሰው በቦታው ላሉት ሁሉ መጠጥ ይከፍላል! ባለ ደስታው ይከፍላል፤ በደስታው ቀን ይደኸያል። ሺምሾን ውስጥ ይሄን ሕግ ለማስረዳት አስተማሪ አያስፈልግም፤ ባር ሚጽቫ ደግሶ የማያውቅ ማን አለ? ጃፓኖች ግን ብልጦች ናቸው፤ ግብዣው አጥንት ድረስ ስለሚገባ ሆል ኢን ዋን ቢያገቡ የሚከፍልላቸው ኢንሹራንስ ይገዛሉ። አንተ አይዞህ፣ ካርድህን ያየ ኩባንያ በነጻ ይዋዋልሃል።

የመጨረሻዋን ቃል በትኩረት ስማ፣ ይቺ የሕይወት ጉዳይ ናት። ኳስህ ወደ ሰው ስትበር ጮክ ብለህ «ፎር!» ትላለህ። ተጠንቀቁ ማለት ነው። ከኋላህ ያለ ሰው «ፎር!» ሲል አንተ አራት ሰምተህ «አምስት!» ብለህ መለስክለት፤ ቀጥሎ የሰማኸው ጆሮህ አጠገብ ያፏጨውን ነው። አሽቀሎናዊ ሆነህ ይሄን ማወቅ አልነበረብህም? የሮኬት ማስጠንቀቂያው «ፀቫ አዶም» ሲል የሺምሾን እናት ጀበናዋን ሳትደፋ ሚክላት ትገባለች፤ ከሰማይ ስለሚመጣ ነገር እኛን የሚያስተምር የለም። የጎልፍ ኳስ ስትመጣ ግን ሚክላት ለመፈለግ ጊዜ የለም። ስለዚህ ቂሳርያ ለምትሄዱ ሁሉ፣ ይሄ ሙሽራ ዱላ ሲያነሣ ከፊቱ አትቁሙ፤ ከጎኑም አትቁሙ፤ ከኋላውም አትመኑት። «ፎር» ሲል ከሰማችሁ ቀና ብላችሁ ኳሷን አትፈልጉ፤ ጭንቅላታችሁን በሁለት እጃችሁ ሸፍናችሁ ዝቅ በሉ።